ጋፋት ያልተቃጠለችበት ሌሊት

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለርብቃ፤

ፈንታነሽ ባሕር ዳር ተቀምጣ የነገረችሽን አስቀድሜ ላርም። ብራና ለፈረንጅ ልሸጥ አልዞርኩም። የሆነው ይህ ነው። በቀደም ከቅዳሴ ስወጣ አንዱን ዲያቆን፣ «የጥድ ማርያም ተአምረ ማርያም አሁንም በቦታው አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። አለ፣ አለኝ። አመስግኜው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱም አንድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሾፌሩ ከጎኑ ላለው ሰው፣ «አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ውጭ አገር ካለች ልጅ ጋር ተመሳጥራ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ልታሻግር ነው አሉ» ሲል ሰማሁት።

«በስንት?» አለው ያኛው።

«በሚሊዮን ነዋ።»

ከኋላ ሆኜ፣ «ዋጋውን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ሰው ሲያወራ ነው፣ እማማ።»

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ፤ ቀጥል» አልኩት።

እንግዲህ ፈንታነሽ ስትደውልልሽ፣ የሰማችውን ለማጣራት ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም ብላለች አክስቴ በያት። የአክስቷን ልጅ፣ እኔን፣ ከመጠየቅ ይልቅ ወደ ኖርዌይ መደወል የቀለላት እሷ ብቻ ናት።

የላክሽውን ፎቶግራፍ ጎረቤቴ ዓይናለም በወረቀት አሳትማ አመጣችልኝ። ይህንንም ደብዳቤ በስልኳ አንስታ የምትልክልሽ እሷው ናት። ልመርቃት ብል፣ «ድምፅዎን ቀድቼ ልላክላት፣ አይቀልም?» ትለኛለች። አይቀልም። የተነገረ ነገር አይሰረዝም፤ የተጻፈ ግን ከመላኩ በፊት ይታረማል።

ትሮምሶ በካርታዬ ላይ አለች፤ በእርሳስ ምልክት አድርጌባታለሁ። አረንጓዴው ብርሃን ከተራራው በላይ እንደ ታጠበ ነጠላ ተሰጥቶ አየሁት። የሚያምር ነገር ነው። ነገር ግን «ሰማዩ ጨፈረ» ብለሽ ጽፈሻል። ሰማይ አይጨፍርም። ምን እንዳየሽ ጻፊ፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ፣ ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ። የዋልታ ብርሃን እያጠናሽ እንጀራ የምትበዪ ሰው እንደ ሠርግ ዘፋኝ መጻፍ የለብሽም።

ስለ ብርዱ ጠይቀሽኛል። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጀምሯል። አዎን፣ የላክሽልኝን ካልሲ አድርጌዋለሁ።

በጥንት ጊዜ በእኛ በኩል ሰማይ ስለ መቅላቱ የተጻፈ ነገር ይገኝ እንደሆነ ላልሽው፣ በጥድ ማርያም ተአምረ ማርያም ኅዳግ ላይ ሁለት ሦስት መስመር አለ ይባላል። ነገር ግን ቦታው ሩቅ ነው። ከባጃጅ ወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ጉና አቀበት ነው። ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። የደብሩ ቄሰ ገበዝም ሥራ ይበዛባቸዋል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እግራቸው የጠና ወጣት መምህራን ስላሉ ለእነሱ ብትጽፊ ይሻላል።

ዘንድሮ ድንቹ ጥሩ ነው። ገብሱ ገና አልገባም።

አክስትሽ ፍቅርተ


ትሮምሶ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ባሉበት ጤናዎን እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ፀሐይ መውጣት ካቆመች ሁለት ሳምንት አልፏታል፤ እስከ ጥር አጋማሽም አትወጣም። ቀትር ላይ ብቻ ሰማዩ ትንሽ ወገግ ይልና መልሶ ይጨልማል። ሰው ይለምደዋል።

በእኔ ጥያቄ ምክንያት ስምዎ በባጃጅ ስለ ዞረ ይቅርታ ይደረግልኝ። ለእታባ ፈንታነሽ የነገሩኝን ሳልቀንስ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ቁጣ ምን አመጣው?» ብላኛለች።

ሰማዩን እንዳዘዙኝ ልጻፍ። ኅዳር 2 ማታ ከሰሜን ምሥራቅ አንድ አረንጓዴ ቅስት ተነሣ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከራሴ በላይ ደረሰ። ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቀይ ነበር። ይህ ከላይ ያለው ቀይ ነው እርስዎን እንድጠይቅ ያደረገኝ። በቅርብ ያለ ሰው አረንጓዴውን ያያል። ሩቅ ላለ ሰው ግን ታችኛው ክፍል ከአድማስ በታች ይቀርና ቀዩ ጫፍ ብቻ ይታየዋል፤ ከኮረብታ ወዲያ ያለ ቤት ሲቃጠል ነበልባሉ ሳይታይ ሰማዩ ብቻ እንደሚቀላ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ወደ እኛ አገር አይደርስም። ደረሰ ቢባል በብዙ መቶ ዓመት አንዴ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1864 ግን እስከ ካርቱምና እስከ ቦምባይ ድረስ ቀይ ሰማይ ታይቷል። ከካርቱም በስተደቡብ በዓይን ያየ ሰው ቃል ከተገኘ፣ የምሠራው ጥናት ትልቁ ክፍል እሱ ይሆናል። የማስረክበው በየካቲት መጨረሻ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አይቆጡኝ። እኔ የጠየቅሁት «የተጻፈ ነገር አለ ወይ» ብቻ ነበር። ጥድ ማርያምን አልጠራሁም፤ ስሟንም አላውቅም። እርስዎ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ኅዳጉን ጭምር ያውቁታል። እንዴት አወቁት? የቄሰ ገበዙስ ስም ማን ነው?

ልጅዎ ርብቃ


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለርብቃ፤

ጥያቄሽ ተገቢ ነው። መልሱ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ አይደለም፤ ኔትዎርክም አልጠፋም። እኔ ነኝ የዘገየሁት።

እናትሽ ካረፈች ወዲህ «በዚህ ቤት ውሸት የለም» እያልኩ ነው ያሳደግሁሽ። በኅዳር የጻፍኩልሽ ውሸት አልነበረም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጉልበቴም ያመኛል። ዋናውን ግን ዘልዬዋለሁ። ተማሪ እንዲህ አድርጎ ቢመልስልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

የቄሰ ገበዙ ስም ይሻው ነው። በ1968 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። (አሁን ካህን ስለሆኑ «እሳቸው» ማለት ይገባኛል። የማወራው ስለዚያ ዘመን ልጅ ስለሆነ ለዛሬ «እሱ» ልበል።) እኔ የሃያ ስድስት ዓመት መምህርት ነበርኩ፤ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ያደግሁበትን አዳሪ ትምህርት ቤት ታውቂዋለሽ። መጽሐፍ ያላለውን የተናገረ ልጅ ተንበርክኮ ይውል ነበር። እኔም የተማርኩትን ይዤ ወጣሁ።

ስለ ዋልታ ብርሃን ያስተማርኩት አንድ አንቀጽ ነበር። «በዋልታዎች አካባቢ ይታያል፤ በአገራችን አይታይም።» ይሻው እጁን አወጣ። የአያቱ እናት፣ እመት ዝናሽ የሚሏት፣ በልጅነቷ በጉና ጥግ ሳለች አንድ ሌሊት ሰማዩ በሰሜን በኩል ቀልቶ እንዳየች ተናገረ። ከታች ያለችው ጋፋት የተቃጠለች መስሏቸው፣ እሷና የመንደሩ ሰው በቅል ውኃ ይዘው እሳት ሊያጠፉ ቁልቁል እንደ ሮጡ፣ ሲደርሱ ግን እሳት እንዳልነበረ ተረከ። «በጥድ ማርያም መጽሐፍ ኅዳግ ላይም ሁለት ሦስት መስመር ተጽፏል» አለ።

ከኋላ የተቀመጠ ታምራት የሚባል ቀልደኛ፣ «ሰማይ ሊያጠፉ ነዋ በቅል!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁበት ክፍል የእኔ ክፍል ነበር፤ ሥርዓት ማስያዝ ነበረብኝ። ያስያዝኩት ግን የሳቁትን አይደለም። ይሻውን ከፊት አቆምኩና፣ «አየች የሚሏት ሴት ሐሰተኛ ናት፤ አንተም ሐሰተኛ ነህ። ድገመው» አልኩት። አልደገመም። እስኪደወል ድረስ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ስሙ «ቀይ ሰማይ» ሆነ። በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቱን ትቶ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ሄደ።

መጽሐፉን ሄጄ ማየት እችል ነበር። አምሳ ዓመት ሙሉ እችል ነበር። ቢኖርስ ብዬ ነው ያልሄድኩት።

አሁን የጠየቅሽኝን ሁሉ መልሻለሁ። ከገና በኋላ እሄዳለሁ።

ፍቅርተ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለርብቃ፤

አይ፣ ቄሰ ገበዙ አልተቆጡም። ያንን ነበር የፈራሽልኝ፤ እኔም ያንኑ ነበር የተዘጋጀሁበት። የተቆጣ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ዐርብ ሄድኩ። ባጃጁ ከቆመበት በኋላ ዓይናለም የአጎቷን በቅሎ አስይዛልኝ ነበር። አዎን፣ በቅሎ ላይ ወጣሁ፤ ስለ አወጣጤ አትጠይቂኝ።

ቄስ ይሻው ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው የተሰበረ አትሮኖስ ይጠግናሉ። ቀና ሳይሉ፣ «እትዬ ፍቅርተ፣ እንኳን ደኅና መጡ» አሉኝ።

«በምን አወቁኝ?»

«በአረማመድዎ። ያው ነው፤ ዱላው ብቻ ተጨምሯል።» አትሮኖሱን ወደ ጎን አደረጉና፣ «ለነገሩ ዱላው ያኔም ነበር፤ ሥራው ነው የተለወጠው» አሉ።

መስቀል አሳለሙኝ። ከድንጋዩ ላይ አቧራ አራግፈው አስቀመጡኝ። ነገሬን ስጀምር አቋረጡኝ።

«ብራናውን ሊሸጡ ነው የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት አሉት?»

«ሚሊዮን።»

«ረክሷል» አሉ።

ስለ ጥናትሽ በዝርዝር አስረዳኋቸው። በደንብ አዳመጡኝ፤ ስለ ቀዩና ስለ አረንጓዴው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አያታቸው ያስጠኗቸውን በቃላቸው አሉልኝ፤ በ1864፣ የጥር 28 ሌሊት፣ ሰማይ ቀላ፣ እሳት አልነበረም። ከዚህ ሌላም ቃል እንዳለው፣ እሱን ግን ከመጽሐፉ ማየት እንደሚሻል ነገሩኝ። ዕቃ ቤቱ ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ በእሳቸው፣ አንዱ በደብሩ አለቃ፣ አንዱ በምእመናን ሽማግሌ እጅ ነው። ሦስቱ ሰዎች ካልተገኙ አይከፈትም። ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ መጽሐፉ ነው ወደ እኔ የሚወጣው።

«ሦስቱን ሰዎች ማሰባሰብ ለእኔ ቀላል ነው» አሉ። «ግን ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር አለ።»

«ይንገሩኝ።»

«እኔን ሐሰተኛ ብለውኛል፤ ይሁን። ልጅ ነበርኩ፣ ሌላ ብዙ ዋሽቼም አውቃለሁ። እመት ዝናሽ ግን አልዋሸችም። ውኃ ይዛ ሮጣለች። አርባ ልጅ በተቀመጠበት ነው ሐሰተኛ የተባለችው። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ከእነዚያ ልጆች የተወለደ ነው፤ ዛሬም ቤተሰባችንን በዚያ ነገር ይቀልዱበታል። እኔ ስሞት ልጆቼ ይወርሱታል። ምስክርነቷን ሰው ፊት ይመልሱላት።»

«መቼ?»

«አስተርእዮ ማርያም ለት፣ ታቦቷ ገብታ ሕዝቡ ሳይበተን።»

አስብበታለሁ ብዬ ተነሣሁ። ከቅጥሩ በር ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ፣ «በጽሑፍ ባደርገውስ? በጥሩ እጅ ጽፌ፣ ፈርሜበት» አልኳቸው።

«እትዬ፣ እመት ዝናሽ ማንበብ አትችልም ነበር» አሉኝ።

ቁልቁል ስወርድ ተናድጄ ነበር። በእሳቸው ይመስለኝ ነበር። ከበቅሎዋ ወርጄ ባጃጅ እስክይዝ ድረስ በማን እንደ ሆነ ገባኝ። አርባ ዓመት አስተምሬ «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ተማሪዎቼን አስብዬ አውቃለሁ፤ ራሴ በሰው ፊት ብዬው አላውቅም። በአፌ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቀውም።

አስተርእዮ ጥር 21 ነው። አሥራ ስምንት ቀን አለኝ።

ፍቅርተ


ትሮምሶ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለማለት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ሁሉንም ስለሚለውጠው እሱን ላስቀድም።

ቀኑን አሰላሁት። በፈረንጅ 1872 ሰማዩ የቀላው ፌብሩዋሪ 4 ቀን ማታ ጀምሮ እስከ ንጋት ነው። በካርቱምም በቦምባይም ያው ነው። ጥር 28 ቀን 1864ን ወደ ፈረንጅ ስመልሰው ግን ፌብሩዋሪ 5 ይሆናል፤ የ5 ማታ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በየትም አልተመዘገበም። አንድ ሌሊት ይዘገያል። ለአለቃዬ አሳየኋት። «ከብዙ ዓመት በኋላ በአፍ የደረሰ ቢሆን አንድ ሌሊት ምንም አልነበረም፤ ወዲያው የተጻፈ ነው ከተባለ ግን አንድ ሌሊት ብዙ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ምናልባት የሣር ቃጠሎ ይሆናል፤ ወይም ሌላ ነገር። በጥናቱ ውስጥ ላስገባው አልችልም።

ስለዚህ ወደ ጥድ ማርያም እንዲመለሱ የሚያስገድድ ምክንያት የለም። ልክ የነበሩት እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚያ ብርድ፣ በሕዝብ ፊት እንዲቆሙ እኔ ምክንያት መሆን አልፈልግም። ለቄስ ይሻው በስልክ የሚገባውን ምስጋና እኔ አቀርባለሁ። እባክዎን ይተዉት።

ልጅዎ ርብቃ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለርብቃ፤

ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም። ሰማዩ አልቀላም፤ እኔ ልክ ነበርኩ። ወንበሬን ወደ ፀሐይ አውጥቼ ተቀመጥኩ። ዓይናለም አልፋ ስትሄድ፣ «ምነው ዛሬ ፈካ አሉ?» አለችኝ። ይህ ፈካ ማለት ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ።

ከዚያ ስሌትሽን ለማየት እርሳስ አነሣሁ። ልማድ ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው። ስሕተቱ ከስሌቱ በፊት ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ «የገና ሌሊት» ብለን ቤተ ክርስቲያን ሄደን የምናድረው መቼ ነው? ታኅሣሥ 28 ማታ ነው። ገና ግን 29 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በትከሻዬ ላይ ተኝተሽ አድረሻል፤ ተኝተሽ ስለነበረ ይሆናል ያልቆጠርሽው። በቤተ ክርስቲያን ቀን የሚጀምረው በማታ ነው። ሌሊቱ ለሚመጣው ቀን ነው እንጂ ላለፈው አይደለም። ያንን ኅዳግ የጻፈው ደብተራ እንጂ የሰዓት ነጋዴ አይደለም። «የጥር 28 ሌሊት» ሲል ጥር 27 ማታ ገብቶ ለ28 የሚያነጋውን ሌሊት ማለቱ ነው። ጥር 27 ደግሞ፣ አንቺው እንዳሰላሽው፣ ፌብሩዋሪ 4 ነው።

አንድም ሌሊት አልዘገየም። ካርቱም ያየውን እመት ዝናሽም አይታለች።

ስሕተቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር፤ አንቺም አመስግነሽኝ ነገሩ ያልቅ ነበር። ይህንን የምነግርሽ እንድታደንቂኝ አይደለም። ሩብ ሰዓት ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥኩ እንድታውቂው ነው።

ደግሞም ቀኑ ባይገጥም እንኳ እሄድ ነበር። ይህንን ያወቅሁት ከስሌቱ በኋላ ነው። መጽሐፌ «በአገራችን አይታይም» ይላል። ያየችውን ሴት ሐሰተኛ በያት ግን አይልም። እሱን ከራሴ ነው የጨመርኩት።

ልናገር ያሰብኩትን ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። «በጊዜው በነበረው ዕውቀት መሠረት» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ሰረዝኩት። «ምናልባት» የሚልም ሁለት ቦታ ነበር። አሁን አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አጥንቼዋለሁ፤ ወረቀት አልይዝም።

ጥምቀትን በደኅና ዋልን። እንዳትደውዪ። ድምፅሽን ከሰማሁ እደክማለሁ።

ፍቅርተ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለርብቃ፤

ጉልበቴ ቻለ። አላለቀስኩም። ያለቀሰችው ፈንታነሽ ናት፤ ለማጣራት ከባሕር ዳር ድረስ መጥታ፣ ከፊት ቆማ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ጀመረች። ስለዚህ የተናገርኩትን ከእሷ አትቀበዪ፤ ከእንባዋ የተነሣ አልሰማችውም። እኔም አልደግመውም። አራት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አራቱንም ተናግሬአለሁ። ለሚገባቸው ሰዎች ነው የተናገርኩት፤ እነሱም ሰምተዋል።

ማይክሮፎን ሰጥተውኝ ነበር። አርባ ዓመት ያለ ማይክሮፎን አስተምሬአለሁ ብዬ መለስኩት። ይህ ከአራቱ ውጭ ነው፤ አትቁጠሪው።

ስጨርስ ነፋሱ የጃንጥላዎቹን ዘርፍ ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር። ታምራት፣ ያ ቀልደኛው፣ ዛሬ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ኖሯል። «እትዬ፣ እኔስ ይቅርታ ልጠይቅ?» አለ ጮክ ብሎ። ቄስ ይሻው ወደ እሱ እንኳ ሳይዞሩ፣ «አንተ እስኪደወል ድረስ እዚያው ቆመህ ቆይ» አሉት። ሕዝቡ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ ውስጥ እኔም ነበርኩበት።

ከዚያ ወደ እኔ መጡና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። «ይፍታዎ» አላሉም። ካህን ለንስሐ ልጁ እንደሚለው ነው ያሉት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አርማቸው ነበር። ቀጥለውም ቀስ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «አሁን መቀመጥ ይችላሉ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ሦስቱ ቁልፎች ከሰዓት በኋላ ተገናኙ። መጽሐፉ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ሽማግሌዎቹ ገና አልተስማሙም፤ ስለ ሚሊዮኑ የሰሙ ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። በእጄ እንድገለብጥ ግን ፈቀዱልኝ። ቃሉ ይህ ነው፤ አንዲት ፊደል አልነካሁም።

«በ፲፰፻፷፬ ዓመተ ምሕረት በዘመነ ዮሐንስ የጥር ፳፰ ሌሊት እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ሰማይ በስተሰሜን እንደ ደም ቀላ። ሰው ሁሉ ጋፋት ተቃጠለች ብሎ ውኃ ይዞ ወረደ። እሳት አልነበረም። ዶሮ ሲጮህ ጠፋ።»

«እሑድ ለሰኞ አጥቢያ» የሚለውን እይ። ቄስ ይሻው በቃላቸው ሲሉልኝ ይህ አልነበረበትም። ፌብሩዋሪ 4 በዚያ ዓመት ምን ቀን እንደ ዋለ ኮምፒውተርሽን ጠይቂው። እኔ በጣቴ ቆጥሬ እሑድ አግኝቻለሁ። አለቃሽ አሁን ምን ትላለች?

ቄስ ይሻውም ሌሊቱን በኮምፒውተር ካጣራሽ በኋላ፣ «በትሮምሶ ያሉት ሰዎች ይህን ብርሃን ዘወትር እያዩ ውኃ ይዘው አይሮጡም ወይ?» ብለው እንድጠይቅሽ አዝዘውኛል። በቁም ነገር ነው የጠየቁት። በቁም ነገር መልሺላቸው።

በጥናትሽ ውስጥ የምስክሩ ስም የማን ይሁን ላልሽው፣ የእኔ እንዳይሆን። እኔ ገልባጭ ነኝ። ያየችው እመት ዝናሽ ናት፤ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ ደብተራ ነው፤ ያቆዩት ቄስ ይሻው ናቸው። በዚህ ቅደም ተከተል ጻፊ። «አፈ ታሪክ» የሚል ቃል በአጠገባቸው እንዳላይ።

አሁን ደግሞ ሥራ አግኝቻለሁ። በዚያው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ሌሎች አሥራ አንድ ጽሑፎች አሉ። ጅራታም ኮከብ አለ፤ አንበጣ አለ፤ ጉና ላይ ሦስት ቀን ያልሟሟ በረዶ አለ። አንዳንዱ ዓመቱ ተጽፏል፤ አንዳንዱ የዘመኑ ወንጌላዊ ስም ብቻ ነው ያለበት። ቄስ ይሻው የእያንዳንዱን ታሪክ ከአያታቸው ሰምተዋል፤ ዓመቱን ግን ማስላት ይፈልጋሉ። እኔ ማስላት እችላለሁ፤ ታሪኩን አላውቅም። ሽማግሌዎቹ በሳምንት አንድ ቀን መጽሐፉ እንዲወጣልን ፈቅደዋል። የመጀመሪያው ቀን ነገ ሦስት ሰዓት ነው። «እንዳይዘገዩ» ብለውኛል፤ ለእኔ።

ስለዚህ አሁን እተኛለሁ። ነገ ጾመ ነነዌ ይገባልና ቁርስ የለም፤ ይህ ጊዜ ያተርፍልኛል። ጠዋት መጀመሪያ ውኃ አሙቄ ጉልበቴን አሸዋለሁ። ሁለት እርሳስ እቀርጻለሁ፤ ብራና አጠገብ ቀለም አይፈቀድም፣ ሁለተኛው ለእሳቸው ነው። ይህን ደብዳቤ ለዓይናለም በበሯ ሥር አስገባላታለሁ። ባጃጁ እስኪመጣ ድረስ አዲሱን ደብተር ከፍቼ፣ በመጀመሪያው ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ «ቄስ ይሻው እንደ ነገሩኝ» ብዬ እጽፋለሁ።

አክስትሽ ፍቅርተ